ጥርሱን በጨው የሚያሽ ጨርቅ ነጋዴ

ጠዋት ከእንቅልፋችሁ ስትነቁ ምላሳችሁን በጥርሳችሁ ላይ አሳልፉት። ማታ ልሙጥ የነበረው ጥርስ ሻከር ያለ፣ ለጠቅ ለጠቅ የሚል ነገር ለብሶ ታገኙታላችሁ። በጥፍራችሁ ብትፍቁት ነጣ ያለ፣ ሊጥ የመሰለ ነገር ይወጣል። አብዛኞቻችን የትናንት እራት ትራፊ ነው ብለን እናልፈዋለን። ዛሬ የምናወራለት ሰው ግን አላለፈውም። ከ340 ዓመት በፊት ያንን ነጭ ነገር ከመንጋጋው ፍቆ አወጣና በማጉያ መስታወት አየው። ያየው ነገር ይንቀሳቀስ ነበር።

ሰውየው አንቶኒ ቫን ሊውዌንሁክ ይባላል፤ ሆላንዳዊ ነው። ሐኪም አልነበረም፤ ፕሮፌሰርም አልነበረም። ዩኒቨርሲቲ የሚባል ቦታ ገብቶ አልተማረም። ጨርቅ ነጋዴ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከቅርጫት ሠሪ ቤት

ሊውዌንሁክ የተወለደው በ1632 ዴልፍት በምትባል ከተማ ነው። አባቱ ቅርጫት ሠሪ ነበር፤ የሞተውም ልጁ ገና ትንሽ ሳለ ነው። ልጁ 16 ዓመት ሲሞላው አምስተርዳም ወደሚገኝ ጨርቅ ቤት ሥራ እንዲለምድ ተላከ። እዚያ መለካት፣ መቁረጥ፣ ሒሳብ መያዝ ተማረ። በዚያ ዘመን ጨርቅ ነጋዴዎች የሽመናውን ጥራት ለማየት ማጉያ መስታወት ይይዙ ነበር። ክሩ ወፍራም ነው ቀጭን፣ ሽመናው ጥብቅ ነው ልል የሚለውን በመስታወት አይተው ዋጋ ይቆርጣሉ። ሊውዌንሁክም ከመስታወት ጋር የተዋወቀው በዚሁ ገበያ ሳይሆን አይቀርም።

በ1654 ወደ ዴልፍት ተመልሶ አገባ፤ የራሱን ጨርቅ ቤትም ከፈተ። ንግዱ ሰመረለት፤ ቤቱ ግን ሐዘን አላጣውም። ከመጀመሪያ ሚስቱ ከወለዳቸው 5 ልጆች ያደገችው ማሪያ ብቻ ናት። ሚስቱም በ1666 ሞተች። እሱ ግን ሥራውን አላቋረጠም። የከተማው ምክር ቤት ያዳራሽ ጠባቂነት ሥራ ሰጥቶት ስለነበር ቋሚ ደመወዝ ነበረው፤ ከሱ በኋላም የመሬት ቀያሽነት፣ የወይን በርሜል ለኪነት ሥራ ተጨመረለት። ማታ ማታ ደግሞ ቤቱ ተቀምጦ ብርጭቆ ይሞርዳል።

የሚሠራው ማይክሮስኮፕ ዛሬ በትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ የምናየውን አይመስልም። በእጅ መዳፍ ውስጥ የምትደበቅ ትንሽ የናስ ወይም የብር ዝርግ ነገር ናት። መሐሏ ላይ ከምስር ፍሬ ያነሰች አንዲት ሌንስ ተሰክታለች። የሚታየው ነገር መርፌ ጫፍ ላይ ይደረግና በብሎን እየተጠጋ ይስተካከላል። ተመልካቹ ዓይኑን ከሌንሷ ጋር ሊያገጣጥም ምንም አይቀረውም። ሥራዋ ግን ሌላ ነው፦ ዛሬ ድረስ ከተረፉት መካከል ኃይለኛዋ ነገሮችን 270 ጊዜ ያህል ታጎላለች። ሰውየው በሕይወት ዘመኑ ከ500 በላይ ሌንስ ሠርቷል።

በ1673 የለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ የተባለው የሳይንቲስቶች ማኅበር ስለሱ ሰማ። ሊውዌንሁክ ላቲን አይችልም፤ እንግሊዝኛም አያውቅም። ያየውን ሁሉ በገዛ ቋንቋው፣ በሆላንድኛ፣ ለጎረቤት እንደሚያወራ አድርጎ እየጻፈ ላከላቸው። እነሱ ደግሞ እያስተረጎሙ አሳተሙለት። በ1676 ውኃ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ትንንሽ እንስሳት አየሁ ብሎ ሲጽፍ ግን ብዙዎች አላመኑትም። አንድ ጨርቅ ነጋዴ ተነስቶ በአንዲት ጠብታ ውስጥ ሺዎች ይኖራሉ ቢል ማን ያምናል? ሊውዌንሁክ ቄሶች ጭምር ያሉባቸውን የተከበሩ የአገሩን ሰዎች ጠርቶ አሳየና ምስክርነታቸውን በጽሑፍ ላከ። በ1677 የማኅበሩ ሰው ሮበርት ሁክ ራሱ ሞክሮ አየው። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1680፣ ጨርቅ ነጋዴው የማኅበሩ አባል ሆነ።

አፍ ውስጥ ያለች አገር

አሁን ወደ ጥርሱ እንምጣ። መስከረም 17 ቀን 1683 ለለንደን በጻፈው ደብዳቤ ላይ የራሱን የአፍ ንጽሕና ይተርካል። ዕድሜው 50 ዓመት ነው። ጠዋት ጠዋት ጥርሱን በጨው ያሻል፤ አፉን በውኃ ይጉመጠመጣል፤ ከበላ በኋላ የኋላ ጥርሶቹን በስቴኪኒ ይጎረጉራል፤ በጨርቅም ይወለውላቸዋል። ጥርሶቹ በእሱ ዕድሜ ካሉ ሰዎች የብዙዎቹ ያልሆነ ንጣት እንዳላቸው፣ የቱንም ያህል በጨው ቢያሻቸው ድዱ እንደማይደማ በኩራት ያወራል።

ይህን ሁሉ አድርጎም በመንጋጋዎቹ መሐል ነጭ ሊጥ የመሰለ ነገር ይቀራል። ትንሽ አወጣና ንጹሕ የዝናብ ውኃ ውስጥ በጠበጠው። መስታወቱን ሲያስጠጋ ውኃው ሕይወት ዘርቶበታል። አንዳንዶቹ እንደ ዓሣ ይወነጨፋሉ፤ ሌሎቹ ይሽከረከራሉ፤ ደግሞም በመንጋ ወዲያ ወዲህ የሚራወጡ አሉ። ቅርጻቸውን ሥሎ ላከ፦ ዘንግ የመሰለ፣ ክብ፣ ጥምዝምዝ። ዛሬ ሳይንቲስቶች እነዚያን ሥዕሎች የሚያውቋቸው ከመጀመሪያዎቹ የባክቴሪያ ሥዕሎች መካከል መሆናቸውን ነው። በአፉ ውስጥ የሚኖሩት ከአገሩ ሕዝብ ቁጥር እንደሚበልጡም ገመተ። ግምቱ ልክ ነበር፤ እንዲያውም እጅግ አሳንሶታል።

በራሱ ብቻ አልቆመም። ከሁለት ሴቶች፣ ከ8 ዓመት ልጅ፣ ከሽማግሌዎችም ጥርስ ወስዶ አየ። አንደኛው ሽማግሌ የረባ መጠጥ የማይቀምስ፣ ትምባሆ የማያጨስ ጨዋ ሰው ነው። ጥርሱ ግን ከላይ እስከ ታች ተለብጧል። መቼ እንዳጸዳው ቢጠይቀው በዕድሜው ሙሉ አጽድቶ እንደማያውቅ ነገረው። ከሱ ጥርስ የተፋቀው ነገር ሊውዌንሁክ እስከዚያ ቀን ካየው ሁሉ የበለጠ ይተረማመስ ነበር፤ ውኃው በሙሉ ነፍስ ያለው ይመስላል።

ከዚያ ቀጥሎ ያደረገው ሙከራ ነው ለዛሬ ሰው ዋናው ትምህርት። አቼቶ አመጣ። ከጥርስ ተፍቆ በውኃ የተበጠበጠው ላይ አቼቶ ጠብ ሲያደርግበት እንስሳቱ ወዲያው ሞቱ። መድኃኒቱ ተገኘ ማለት ነው? በአቼቶ አፉን ተጉመጥሙጦ ከመንጋጋው ሲፍቅ ግን ሌላ ነገር አየ። በሕይወት አሉ! ሊውዌንሁክ ምክንያቱን በትክክል ደረሰበት፦ አቼቶው የገደለው በንጣፉ ላይ ላዩን ያሉትን ብቻ ነው፤ ወደ ውስጥ አልዘለቀም።

ያ ነጭ ንጣፍ ዛሬ ፕላክ ይባላል። እንዲሁ የምግብ ትራፊ አይደለም፤ ባክቴሪያዎች ራሳቸው የሚሠሩት ሰፈር ነው። ጥርስ በጸዳ በደቂቃዎች ውስጥ ከምራቅ የሚመጣ ስስ ሽፋን ይለብሳል። እሱ ላይ ባክቴሪያዎች ይለጠፋሉ፤ ይራባሉ፤ ከስኳር የሚያጣብቅ ነገር እየሠሩ እርስ በርስ ይያያዛሉ። ያ ሙጫ ግድግዳቸው ነው። መጉመጥመጫ ፈሳሽ፣ ማስቲካ፣ ውኃ ግድግዳውን ላይ ላዩን ነክተውት ይሄዳሉ። የሚያፈርሰው ፍቅፋቂ ነው፦ ብሩሽ፣ ክር፣ በደንብ የተያዘ መፋቂያ። አቼቶና ሎሚ ደግሞ ለጥርስ ጠንቅ እንጂ መድኃኒት አይደሉም፤ አሲድ ናቸውና ጥርስን ያሟሟሉ። የሊውዌንሁክን ሙከራ ቤታችሁ አትድገሙት።

የቡናውም ነገር አለ። በ1692 ሊውዌንሁክ የፊት ጥርሱን ሲመረምር እንስሳቱን አጣቸው። ነገሩን ሲያሰላው ጠዋት ጠዋት የሚጠጣው ትኩስ ቡና እንደጨረሳቸው ጠረጠረ። ሙቀቱ በደንብ ወደማይደርስበት ወደ ኋላ መንጋጋ ሄዶ ሲፍቅ ግን እዚያው አገኛቸው። ከአቼቶው ጋር አንድ ዓይነት መልስ ነው፦ ሰፈሩ እስካልፈረሰ ድረስ ነዋሪው አይጠፋም።

የጥርስ ትል

በዚያ ዘመን አውሮፓ ውስጥ ጥርስ የሚያመው ትል ስለሚበላው ነው ተብሎ ይታመን ነበር። በእኛም አገር ጥርሴን ትል በላው ማለት ዛሬም ያልቀረ አነጋገር ነው፤ ታጥኖ ትሉ ወጣለት ሲባልም እንሰማለን። በ1700 አካባቢ ከለንደን ለሊውዌንሁክ እንዲህ ያሉ ትሎች ተላኩለት። ከታማሚ ጥርስ በጭስ ወጡ የተባሉ ናቸው። መረመራቸው፤ አይብ ላይ ዝንብ እንቁላል ስትጥል ከሚፈለፈሉት ትሎች ጋር አስተያያቸው፤ አንድ ሆኑበት። ሰውየው ትል የነበረበት አይብ በልቶ ይሆናል አለ። ከጥርሱ የበቀለ ትል አልነበረም።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡት። አንድ ሰው በአንድ እጁ የጥርስ ትል የሚባለው ውሸት መሆኑን ያሳየ፣ በሌላ እጁ ደግሞ እውነተኞቹን ጥርስ በዪዎች የያዘ ነው። ሁለቱን ግን አላገናኛቸውም። እነዚያ ትንንሽ ፍጥረታት ጥርስ ያበሰብሳሉ፣ ድድ ያቆስላሉ የሚል ሐሳብ አልመጣለትም። ለእሱ የሚያስደንቁ የእግዚአብሔር ፍጥረቶች ነበሩ፤ በዚያው አበቃ።

ምሥጢሩን ይዞ የሄደ

ዝናው እየገነነ ሲሄድ ደጁን የሚያንኳኳው በዛ። በ1698 የሩሲያው ንጉሥ ታላቁ ጴጥሮስ ዴልፍትን ሲያልፍ ጠርቶት፣ በአሳ ጅራት ውስጥ ደም ሲዘዋወር አሳየው። ለእንግዶቹ ግን የሚያወጣው ተራዎቹን ማይክሮስኮፖች ነበር። ምርጦቹን ለራሱ ብቻ አስቀረ። ሌንሶቹን እንዴት እንደሚሠራ፣ እንዴትስ አድርጎ ያንን ያህል አጥርቶ እንደሚያይ ለማንም አልነገረም። ጀርመናዊው ፈላስፋ ላይብኒዝ ወጣቶችን ሰብስቦ ሙያውን እንዲያስተምር ቢመክረውም አልተቀበለም።

ነሐሴ 26 ቀን 1723 በ90 ዓመቱ ሲሞት ሙያው አብሮት ተቀበረ። ሳይጠቀስ የማይታለፍ ጥፋቱ ይህ ነው። እሱ ያያቸውን በዚያ ጥራት ለማየት ሰው ብዙ ዘመን ጠበቀ። የአፍ ባክቴሪያ የማወቅ ጉጉት ነገር ሆኖ ቀረ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ሰዎች ጥርሳቸውን በጉጠት ሲያስነቅሉ፣ ድዳቸው እየመገለ ጥርሳቸው ሲረግፍ፣ ምክንያቱን የሚነግራቸው አልነበረም።

ሁለቱን ያገናኘው ከሞተ ከ160 ዓመታት በላይ ቆይቶ በርሊን ውስጥ ይሠራ የነበረው አሜሪካዊው የጥርስ ሐኪም ዊሎቢ ሚለር ነው። በ1890 ባሳተመው መጽሐፍ ነገሩን እንዲህ አስረዳ፦ የአፍ ባክቴሪያዎች ስኳርና ስታርች ያለበትን ምግብ ይበላሉ፤ አሲድ ያወጣሉ፤ አሲዱ ጥርስን ያሟሟል። ዛሬም ትምህርቱ የቆመው በዚሁ ላይ ነው።

እንዴት ነው ታዲያ? የጥርስ የላይኛው ልባስ ኢናሜል በሰውነታችን ውስጥ ካለው ነገር ሁሉ ጠንካራው ነው፤ ከአጥንትም ይጠነክራል። ግን አሲድ አይችልም። ለስላሳ ወይም ስኳር የበዛበት ሻይ ስትጠጡ በፕላኩ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች በደቂቃዎች ውስጥ አሲድ ማምረት ይጀምራሉ። ከጥርሱ ማዕድን ይሸረፋል። ምራቅ አሲዱን እያረገበ፣ ማዕድኑን እየመለሰ ይጠግናል፤ ለዚህ ግን ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ ያስፈልገዋል። አንድ ለስላሳ በአንዴ ጠጥቶ መጨረስና ስልክ እየነካኩ ሦስት ሰዓት ሙሉ ጠብ ጠብ ማድረግ አንድ ያልሆኑት ለዚህ ነው። በሁለተኛው ምራቃችን ፋታ አያገኝም። ጥገናው ከሽርፈቱ ሲያንስ መጀመሪያ ነጭ ነጠብጣብ ይታያል፤ ቀጥሎ ጥርሱ ይቦረቦራል። እስከዚህ ላያማችሁ ይችላል። ማታ እንቅልፍ የሚነሳው ሕመም የሚመጣው ቀዳዳው ወደ ነርቩ ሲጠጋ ነው።

በድድ በኩል ያለው ታሪክ ደግሞ ዝምተኛ ነው። ፕላክ ድድ ሥር ሲከማች ሰውነት ሊዋጋው ደም ይልካል፤ ድዱ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ሲነካ ይደማል። በ1965 ዴንማርክ ውስጥ ሃራልድ ሎይ የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ይህን በሰው ላይ አሳዩ። ጤናማ ድድ ያላቸው 12 ሰዎች ጥርሳቸውን ማጽዳት አቆሙ። በሦስት ሳምንት ውስጥ የሁሉም ድድ ተቆጣ። ማጽዳቱን ሲቀጥሉ በቀናት ውስጥ ዳኑ።

እንግዲህ እዚህች ላይ ነው ብዙዎቻችን የምንሳሳተው። ብሩሽ ሲያደማን ድዴ ተጎዳ ብለን ያንን ቦታ መቦረሽ እንተዋለን። ፕላኩ ደግሞ ያንን ይፈልገዋል። ሳይነካ ከቆየ ከምራቅ ማዕድን እየጠጣ ይደነድናል፤ ታርታር ይሆናል። ታርታርን ብሩሽ አያነሳውም፤ ባለሙያ ነው የሚያነሳው። እሱም ካልተነሳ እብጠቱ ወደ ውስጥ ይዘልቅና ጥርሱን የያዘውን አጥንት መብላት ይጀምራል። የሚደማ ድድ ይመለሳል። የተበላ አጥንት ግን እንደነበረ አይመለስም፤ ሐኪም ሊያደርግ የሚችለው ባለበት ማቆም ነው። ሲጋራ የሚያጨሱና ስኳር በሽታ ያለባቸው ሰዎች ላይ ይበረታል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ባወጣው ሪፖርት በአፍ ውስጥ በሽታ የተያዘው ሰው ወደ 3.5 ቢሊዮን ይጠጋል። በ1683 ሰበብ ነበረ፤ የሚያውቅ አልነበረም። ዛሬ ግን ማታ ከመተኛታችን በፊትና ቀን አንድ ጊዜ፣ ሁለት ሁለት ደቂቃ፣ ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና መቦረሽ፣ ብሩሽ በማይደርስበት በጥርሶች መሐል ክር ማስገባት በቂ መሆኑ ታውቋል። ብሩሹ ለስላሳ ይሁን፤ ጫፉ ጥርስና ድድ የሚገናኙበት መስመር ላይ ይረፍ። መፋቂያ የምትጠቀሙም የፊት ጥርስ አንጥታችሁ አትቁሙ፤ ወደ መንጋጋውም ዝለቁ። ሊውዌንሁክ የጎደለውን ያገኘው ሁልጊዜ እዚያ ኋላ ነው።

በመጨረሻዎቹ ሳምንታት አልጋ ላይ ሆኖም ስለገዛ ሕመሙ ለለንደን ደብዳቤ ያስጽፍ ነበር። ከሞተ በኋላ ልጁ ማሪያ ኑዛዜውን ጠብቃ 26 የብር ማይክሮስኮፖች ለሮያል ሶሳይቲ ላከች። ዘመን አልፎ እነዚያም ጠፉ፤ አንዱም የት እንደደረሰ አይታወቅም። ደብዳቤዎቹ ግን አሉ። በአንደኛው ውስጥ ጥርሱን በጨው አሽቶ፣ በውኃ ተጉመጥሙጦ፣ በጨርቅ ወልውሎ ያልረካ የ50 ዓመት ሰው አለ፤ አሁንም ጣቱን ወደ ኋላ መንጋጋው ሰዶ ምን ቀረ ብሎ ይፈትሻል። እናንተም ዛሬ ማታ ስልካችሁን ከማስቀመጣችሁ በፊት እዚያው ቦታ ፈትሹ።